«ሃቭ» ስለሚባለው ትንሽ ቃል

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የውይይቱ ኰሚቴ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፤ መጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ልማዳችን ስለ ትልልቅ ነገር ለመናገር ነበር። ስለ ሥነ ጽሑፉ፤ ስለ ባለቅኔዎቹ፤ ቋንቋው ከአንዲት ደሴት ተነሥቶ ዓለምን ስለ ማዳረሱ። ነገር ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፤ እኛን ተማሪዎችን የሚያስቸግረን ትልቁ ቃል እንዳልሆነ ተረዳሁ። ትልቁን ቃል ስናይ እንፈራዋለን፤ ስለምንፈራውም መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፤ ስለዚህ እምብዛም አያሳስተንም። የሚያሳስተን ሁላችንም ዐወቅነው ብለን የናቅነው ትንሽ ቃል ነው። ዛሬ ማታ የምናገረው ከነዚህ ትንንሾች ስለ አንዱ፤ ስለ «ሃቭ» ነው።

ፈገግ ያላችሁ አይቻለሁ። «ይህንንማ ከፊደሉ ጋር ተምረነው የለምን?» እንደምትሉ ዐውቃለሁ። በእርግጥ መምህራችን በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ «አይ ሃቭ ኤ ቡክ» ብለው ጽፈው፤ ከጐኑ «መጽሐፍ አለኝ» ሲሉ፤ እኛም በአንድ ድምፅ ተቀብለን ጮኸናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሃቭ» ማለት «አለኝ» ሆኖ በልባችን ተቀመጠ። ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በእኔ የደረሰውን ላጫውታችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ የውጭ አገር መምህር ቤት ተጋብዤ ሄድሁ። ባለቤታቸው በትሕትና ቀረብ ብለው «ዊል ዩ ሃቭ ሰም ቲ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ጥያቄውን በልቤ ቃል በቃል ብተረጕመው «ሻይ ይኖርሃልን?» ሆነብኝ። በዚህ አገር እንግዳ ሻዩን ይዞ ይመጣ ኖሯል ብዬ ደነገጥሁ፤ ግንባሬንም ላብ ላብ አለው። ከዚያም ጐምለል ብዬ ሻይ እንደሌለኝ፤ የምኖረውም በተማሪዎች ማደሪያ እንደ ሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። እመቤቲቱ ደግ ሴት ነበሩና አልሳቁብኝም፤ ሻዩን ቀድተው፤ ስኳሩን ጨምረው ሰጡኝ። እኔ ግን «ሃቭ» መጠጣትም እንደ ሆነ የተማርሁት በዚያች ፍንጃል ነው።

እንግዲህ ይህ ቃል ምን ዐይነት ፍጥረት ነው? በጠዋት «ሃቭ ብሬክፋስት» ሲባል ቍርስ መብላት ነው። «ሃቭ ኤ ባዝ» ሲባል ገላ መታጠብ፤ «ሃቭ ኤ ሉክ» ሲባል መመልከት፤ «ሃቭ ኤ ቤቢ» ሲባል መውለድ፤ «ሃቭ ኤ ጉድ ጆርኒ» ሲባል ደግሞ መልካም ጕዞ ብሎ መመረቅ ነው። ሠርቶ የማያልቅለት አሽከር ይመስላል። ሁሉንም በዝርዝር ብናወርድ ሌሊቱ አይበቃንምና፤ ሥሩን ይዘን ወደ ቅርንጫፎቹ ብንወጣ ይሻላል።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሀባን» ይባል ነበር። የጀርመንኛው «ሃበን» የቅርብ ወንድሙ ነው። ከላቲን ጥቂት የቀመሰ ሰው በዚያ ቋንቋ «ሃቤሬ» የሚባል ግሥ፤ ትርጕሙም ያው የሆነ፤ ባገኘ ጊዜ «እነሆ አባቱ» ሊል ይችላል። መልክ ግን ያታልላል። የቋንቋ ሊቃውንት እንዳስረዱት የ«ሃቭ» እውነተኛ የላቲን ዘመድ «ካፔሬ» ነው፤ ትርጕሙም መያዝ፤ መጨበጥ ማለት ነው። በጀርመናውያን ቋንቋዎች የጥንቱ «ክ» ወደ «ሀ» ስለ ተለወጠ ዝምድናው ለዐይን ተሰወረ። ስለዚህ «ሃቭ» በመጀመሪያ የእጅ ሥራ ነበር። ሰው ነገሩን ጨብጦ ያዘው፤ የያዘው ነገር ሰንብቶ «ያለው ነገር» ተባለ።

ይህን ጐዳና ከኛ መካከል ኦሮምኛ የሚናገሩ ወንድሞችና እኅቶች ከኔ ይልቅ ያውቁታል። በኦሮምኛ «ቀባ» የሚለው ቃል ከመያዝ ተነሥቶ አለኝ ወደ ማለት የደረሰ ነው። «ኪታበ ቀባ» ብሎ መጽሐፍ አለኝ ይላል፤ «ዴሙ ቀባ» ብሎም መሄድ አለበት ይላል። ከእንግሊዝኛው ጋር አንዳች የዘር ግንኙነት ሳይኖረው፤ በራሱ እግር ተጕዞ ከዚያው ደረሰ። ኦሮምኛ ዐዋቂ የሆነ ተማሪ «ሃቭ»ን በአማርኛ በኩል ዞሮ ከሚማረው ይልቅ በአፍ መፍቻው በኩል ቢገባበት መንገዱ ያጥርለታል ማለት ነው።

አማርኛችን ግን ሌላ መንገድ ይዟል። በአማርኛ «ሃቭ» የሚባል ግሥ የለም። ይህን ስል የምትገረሙ ካላችሁ እስቲ «አለኝ» የሚለውን ፈትተን እንየው። «እኅት አለችኝ»፤ «ወንድሞች አሉኝ» እንላለን። ግሡ የሚስማማው ከማን ጋር ነው? ከኔ ጋር አይደለም፤ ከእኅቴና ከወንድሞቼ ጋር ነው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት እነርሱ ናቸው፤ እኔ በግሡ ጅራት ላይ የተንጠለጠልሁ ነኝ። እንግሊዙ «እኔ ይዣታለሁ» ሲል፤ እኛ «እርሷ አለች፤ ለእኔ» እንላለን። ግዕዝም እንዲሁ ነው። የቅኔ ቤት ልጆች እንደምታስታውሱት፤ ግዕዝ «ብየ» ሲል «በእኔ ዘንድ አለ» ማለቱ ነው፤ ይኸውም አለኝ ማለት ነው። ሲያጣም «አልብየ» ይላል።

እንግዲህ የአማርኛው ልዩ ጥበብ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። አማርኛ ነገሩ መኖሩን ብቻ ተናግሮ አያርፍም፤ ለማን እንዳለና በማን ላይ እንዳለ ለይቶ ያመለክታል። «ገንዘብ አለኝ»፤ «ዕዳ ግን አለብኝ»፤ «የሚረዳኝ ወንድም አለልኝ» እንላለን። ገንዘቡ በእጄ ነው፤ ዕዳው በጫንቃዬ ነው፤ ወንድሜ ከጐኔ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሦስቱም «አይ ሃቭ» ብሎ ያልፋል። ሀብትና ዕዳን፤ ወዳጅና ጠላትን፤ በዓልና ፈተናን በአንድ ቃል ይይዛቸዋል። ነገ ፈተና «አለብኝ» የሚለው አማርኛ ፈተናው ሸክም መሆኑን ሲመሰክር፤ እንግሊዝኛው ፈተናውን ከመጽሐፉና ከሻዩ ጋር አንድ አድርጎ ይቈጥረዋል።

በሽታንም ተመልከቱ። እንግሊዝ ጉንፋን ሲያመው «ጉንፋን አለኝ» ይላል፤ በሥሩ ብናየው ጉንፋኑን ይዞታል። እኛ ግን «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። እዚያ ሰውየው በሽታውን ይይዛል፤ እዚህ በሽታው ሰውየውን ይይዛል። ራስ ምታትንም እንግሊዝ እንደ ንብረቱ ሲቈጥረው፤ እኛ «ራሴን ያመኛል» ብለን ክፉውን ሥራ የሚሠራው ሌላ እንደ ሆነ እንናገራለን። ከሁለቱ የቱ እውነት ነው ብትሉኝ፤ ለታመመ ሰው የኛው ይቀርባል እላለሁ።

እስካሁን ልዩነቱን ተናገርሁ። አሁን ደግሞ የሚያስገርመውን መመሳሰል ላሳያችሁ። «ሃቭ» በእንግሊዝኛ ሦስት ዋና አገልግሎቶች አሉት። አንደኛው መኖርን ወይም መያዝን መናገር ነው። ሁለተኛው ከ«ቱ» ጋር ሆኖ ግዴታን መናገር ነው፤ «አይ ሃቭ ቱ ጎ» መሄድ አለብኝ ማለት ነው። ሦስተኛው ረዳት ግሥ ሆኖ ያለቀ ሥራን መናገር ነው፤ «አይ ሃቭ ሪተን ኤ ሌተር» ደብዳቤ ጽፌአለሁ ማለት ነው። ብዙ ተማሪ «በአንድ ቃል ሦስት ሥራ! ይህ የፈረንጅ ተንኰል ነው» ሲል ሰምቻለሁ።

ነገር ግን ወንድሞቼ፤ እስቲ የራሳችንን አፍ እናዳምጥ። መኖርን ስንናገር ምን እንላለን? «አለኝ»። ግዴታንስ? «መሄድ አለብኝ»። ያለቀ ሥራንስ? «ጽፌአለሁ»። ይህን የመጨረሻውን ብትፈቱት «ጽፌ» እና «አለሁ» ነው። በሦስቱም ቦታ የምናገኘው አንዱን «አለ»ን ነው። ወደ ኋላ ወዳለፈው ጊዜ ብትሄዱም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ «ሃድ» ብሎ ባለፈው መያዝንም፤ ቀድሞ ያለቀ ሥራንም ሲናገር፤ እኛም «መጽሐፍ ነበረኝ»፤ «ጽፌ ነበር» ብለን በ«ነበር» ሁለቱንም እንናገራለን። እንግዲህ እንግዳ ነው ያልነው ቃል የሚሠራውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ የቤታችን ልጅ ነበረን፤ ሳናየው ኖርን እንጂ።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እንግሊዝኛው እንዴት ከዚህ እንደ ደረሰ ታሪኩ ይታወቃል። ጥንት «ሃቭ» ረዳት ሳይሆን ራሱን የቻለ ግሥ ነበረ፤ የሚባለውም «ደብዳቤውን የተጻፈ ሆኖ ይዤዋለሁ» ነበር። «የተጻፈ» የሚለው የደብዳቤው ቅጽል ነበረ። ተጽፎ በእጄ ያለ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ እኔው የጻፍሁት ነውና፤ ከዘመን ብዛት ሰሚው «ይዤዋለሁ» የሚለውን ትቶ «ጽፌዋለሁ» የሚለውን ሰማ። እጅ ደከመ፤ ቃሉ ረዳት ሆነ። ግዴታም እንዲሁ መጣ። «የምጽፈው ደብዳቤ አለኝ» ያለ ሰው ውሎ አድሮ «መጻፍ አለብኝ» ማለቱ ነው። የሚሠራ ሥራ ያለው ሰው ሥራው ራሱ ይዞታልና።

እዚህ ላይ ለጆሮ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ሃቭ ቱ» ግዴታን ሲናገር የእንግሊዞች አፍ «ቭ»ን ወደ «ፍ» ይለውጠዋል፤ «ሃፍ ቱ» ይላሉ። ሁለት መጽሐፍ አለኝ ለማለት ግን «ሃቭ ቱ ቡክስ» ሲሉ «ቭ» ባለበት ይቈያል። በጽሑፍ የማይታየውን ልዩነት ጆሮ ይይዘዋል። በትምህርት ክፍል የመምህሩን ቃል ለመከተል የሚቸገር ሰው ይህችን «ፍ» ቢያደምጥ ብዙ ይቀለዋል።

አሁን ወደ አደገኛው ስፍራ ደረስን። «ሃቭ ቱ» ማለት «አለብህ» ከሆነ፤ አፍራሹ «ዶንት ሃቭ ቱ» ምን ይሆናል? ተማሪ ሁሉ ሳያመነታ «የለብህም» ይላል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም ገደል ነው። እንግሊዙ ግዴታውን ብቻ ነው ያነሣልህ፤ ብትፈልግ አድርግ፤ ባትፈልግ ተው ብሎሃል። አማርኛው «መሄድ የለብህም» ግን አትሂድ፤ ብትሄድ ጥፋት ነው ብሎ በር ይዘጋል። አንዱ ሸክም ያወርዳል፤ ሌላው መንገድ ይከለክላል።

በአንድ ትምህርት ቤት አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ከሁላችንም ይልቅ ትጉህ ነበር። በአንድ የታሪክ ፈተና ወረቀት ላይ ስድስተኛውን ጥያቄ መመለስ ግዴታ እንዳልሆነ፤ ለሚመልሱት ግን ተጨማሪ ነጥብ እንደሚሰጥ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር። እርሱ ሌት ከቀን ያጠናው ደግሞ በትክክል ያንኑ ስድስተኛውን ጥያቄ ነበር። «ዶንት ሃቭ ቱ» የሚለውን አይቶ «መመለስ የለባችሁም» ብሎ ተረጐመው፤ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የወደቀው በሁለት ነጥብ ነው። ከፈተናው በኋላ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ዐውቀው ነበር እኮ! ከልክለውኝ ነው እንጂ ዐውቀው ነበር» ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ማንም አልከለከለውም ነበር። የከለከለችው አንዲት ቃል፤ እርሷም በራሱ ትርጕም።

ይህ የአንድ ተማሪ ዕድል ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ከኛ መካከል ነገ ሐኪም የሚሆን አለ፤ ጠበቃ የሚሆን አለ፤ አስተርጓሚ የሚሆን አለ። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ «ከምግብ ጋር መውሰድ ግዴታ አይደለም» የሚለውን «ከምግብ ጋር መውሰድ የለብዎትም» ብሎ ለአንዲት አሮጊት እናት የነገራቸው ሰው፤ በባዶ ሆድ ሲውጡ እንዲሰነብቱ ፈረደባቸው ማለት ነው። ትክክለኛው አማርኛ አለን፤ «ግዴታ የለብዎትም»፤ «ባይወስዱም ይሆናል»፤ «አያስፈልግም» ይባላል። ቃል አላጣንም፤ ያጣነው ቆም ብሎ ማሰብን ነው።

አገራችንም በሚችልና በሚገደድ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በደም ተምራዋለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል፤ በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ፤ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣልያ መጠቀም ይችላሉ ሲል፤ ሮማ በኢጣልያንኛው ይዛ ግዴታቸው ነው አለች። የዚያ ነገር መፍቻው የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ ነው። የውጫሌው ቃል «ሃቭ» አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ይህ ነገር ለኔ የተሰጠኝ ነው ወይስ በኔ ላይ የተጫነብኝ?

ወደ ቃላችን እንመለስ። «ሃቭ» የቃላትን አቀማመጥ በጣም ይጠነቀቃል። «አይ ሃድ ከት ማይ ሄር» ቢሉ ጠጕሬን ራሴ ቈርጬ ነበር ማለት ነው። አንዲት ቃል ከቦታዋ ነቅንቀው «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት» ቢሉ ግን ጠጕሬን አስቈረጥሁ ማለት ነው፤ መቀሱን የያዘው ጠጕር ቈራጩ ነው። አማርኛ ለዚህ «አስ» የምትባል መነሻ ስለ አለው ቦታ መለዋወጥ አያስፈልገውም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። «ሂ ሃድ ሂዝ ዋች ሪፔርድ» ሰዓቱን አሠራ ማለት ነው። «ሂ ሃድ ሂዝ ዋች ስቶለን» ደግሞ ሰዓቱን አሰረቀ ሳይሆን ሰዓቱ ተሰረቀበት ማለት ነው። አሠራሩ አንድ ነው፤ ልብ ብላችሁ እዩት፤ አንዲት ፊደል ልዩነት የለውም። በመጀመሪያው ሰውየው ፈልጎ፤ ገንዘብ ከፍሎ ያስደረገው ነው፤ በሁለተኛው ሳይወድ የደረሰበት ነው። እንግሊዝኛው ይህን ለሰሚው ግምት ሲተወው፤ አማርኛው ግን ዝም አይልም፤ «ተሠራለት»፤ «ተሰረቀበት» ይላል። «ለ» እና «በ» የምንላቸው ሁለት ፊደላት በመልካምና በክፉ መካከል እንደ ዳኛ ቆመዋል።

ሌሎቹን ልማዶች በአጭሩ ላልፋቸው። «ሃድ ቤተር» ባለፈ ጊዜ መልክ ይምጣ እንጂ ምክሩ ለወደፊት ነው፤ ብትሄድ ይሻልሃል ማለት ነው። «አይ ሃቭ ቢን ሃድ» ያለ ሰው ተታለልሁ ማለቱ ነው፤ ሌላ ሰው ያዘኝ እንደ ማለት። «አይ ዎንት ሃቭ ኢት» ይህን አልታገሥም ማለት ነው። «ገንዘብ አለህ ወይ» ለማለት የቀድሞዎቹ እንግሊዞች «ሃቭ ዩ ኤኒ መኒ?» ሲሉ፤ አሜሪካኖች «ዱ ዩ ሃቭ» ይላሉ፤ ዛሬ እንግሊዝ አገርም ይኸው የአሜሪካኑ አነጋገር ተስፋፍቷል። ድሆችና ባለጠጎችንም «ያላቸውና የሌላቸው» ለማለት «ዘ ሃቭስ ኤንድ ዘ ሃቭ ኖትስ» ይላሉ፤ ግሡ ስም ሆኖ የሰውን ልጅ ለሁለት ከፍሎታል።

አሁን የመጨረሻውንና ከባዱን ነገር ልናገር። ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር እጠቅሰዋለሁ።

ኅዳር 2 ቀን 1952 ማታ፤ ለንደን አጠገብ ክሮይደን በሚባል ከተማ ሁለት ወጣቶች ለመስረቅ አንድ የዕቃ መጋዘን ጣሪያ ላይ ወጡ። አንዱ ክሪስቶፈር ክሬግ ይባላል፤ ዕድሜው 16 ዓመት ነበረ፤ ሽጕጥ ይዟል። ሁለተኛው ዴሬክ ቤንትሊ ነው፤ ዕድሜው 19 ሲሆን አእምሮው ከዕድሜው ወደ ኋላ የቀረ፤ ማንበብም የማይሆንለት ልጅ ነበረ። ፖሊሶች ደረሱ፤ ፍሬድሪክ ፌርፋክስ የተባለው መርማሪ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቤንትሊን ያዘው። በዚህ ጊዜ ቤንትሊ ለጓደኛው «ሌት ሂም ሃቭ ኢት፤ ክሪስ» ብሎ ጮኸ ሲሉ ፖሊሶች በኋላ መሰከሩ። ክሬግ ተኰሰ፤ ፌርፋክስን ትከሻው ላይ አቈሰለው። ጥቂት ቈይቶም ሲድኒ ማይልስ የተባለውን ፖሊስ ገደለው። ማይልስ ሲሞት ቤንትሊ ተይዞ ነበረ፤ ሽጕጥም በእጁ አልነበረም።

እንግዲህ ያቺን ዐረፍተ ነገር እንመርምር። ቃል በቃል «ይኑረው» ወይም «ይያዘው» ማለት ነው። ፖሊስ ሽጕጡን አምጣ እያለ ከሆነ «ስጠው፤ ሽጕጡን አስረክበው» ማለት ይሆናል። በመንገድ ቋንቋ ግን «በለው፤ ተኵስበት» ማለትም ይሆናል። በአማርኛም «አቅምሰው» ብንል ወጥ ሠሪዋ ስትናገረው ሌላ፤ ተደባዳቢው ሲናገረው ሌላ ነው። ያው ቃል ከሞት የሚያድንም ወደ ሞት የሚነዳም ነው።

በታኅሣሥ ወር 1952 በችሎት ፊት ሁለቱም ልጆች ቃሉ ከቶ አልተነገረም ብለው ካዱ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ቃሉን ለማነሣሣት ማስረጃ አድርጎ አቀረበው፤ ዋናው ዳኛ ሎርድ ጎዳርድም ለጁሪዎቹ በሰጡት ማብራሪያ ክብደት ሰጡት። ጁሪዎቹ ሁለቱንም ጥፋተኞች አሉ፤ ለቤንትሊ ግን ምሕረት እንዲደረግለት አሳሰቡ። ገዳዩ ክሬግ ዕድሜው ለስቅላት ስላልደረሰ ታሰረ፤ በ1963 ተለቀቀ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ምሕረቱን ስላልተቀበሉት፤ ቤንትሊ ጥር 28 ቀን 1953 በዋንድስወርዝ ወኅኒ ቤት ተሰቀለ።

ቤተ ሰቡ ዝም አላሉም። እኅቱ አይሪስ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሟገት ኖረች። በ1993 ቅጣቱን የሚመለከት ምሕረት ተሰጠ፤ ፍርዱ ግን አልተነሣም ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 የይግባኝ ፍርድ ቤት ችሎቱ በትክክል አልተመራም፤ ዳኛው ለጁሪዎቹ የሰጡትም ማብራሪያ ፍትሕን የጐደለው ነበረ ብሎ ፍርዱን ሰረዘው። አይሪስ ይህን ሳታይ ከአንድ ዓመት በፊት ሞታ ነበረ። ፍርዱን የሻረው የቃሉ ትርጕም አይደለም፤ ይህን በትክክል መናገር ይገባኛል። ነገር ግን የቃሉ ክርክር ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝን ሕዝብ አልለቀቀውም፤ አራት ትንንሽ ቃላት፤ ከነዚያም አንዷ «ሃቭ»፤ የአንድን ልጅ አንገት ከገመድ ጋር ስላገናኙት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ያን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ተርጕሙ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? አማርኛ እንደ እንግሊዝኛው ሁለቱን ልብ በአንድ አፍ እንድትይዙ በቀላሉ አይፈቅድላችሁም። «ለእርሱ ይሁን» ወይስ «በእርሱ ላይ ይሁን» ብሎ ያስጨንቃችኋል። አስተርጓሚ በዚያ ችሎት ቆሞ ቢሆን ኖሮ አንዲቱን ፊደል ሲመርጥ ሕይወትን ወይም ሞትን መምረጡ ነበረ። እኔ ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያስገደደኝ ይህ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ምክሬን በአጭሩ ልናገርና ልቀመጥ። አንደኛ፤ «ሃቭ»ን በአንድ አማርኛ አትሰሩት። ከጐኑ የቆመውን ቃል እዩ፤ ሻይ ከሆነ ይጠጣል፤ ጉንፋን ከሆነ ይይዛል፤ «ቱ» ከሆነ ያስገድዳል፤ ያለቀ ግሥ ከሆነ ሥራውን ይፈጽማል። ሁለተኛ፤ «ዶንት ሃቭ ቱ»ን ባያችሁ ጊዜ «የለብህም» ለማለት ከቸኰላችሁ ምላሳችሁን ንከሱ፤ ያ ጓደኛዬ ከዛፉ ሥር እንደ ተቀመጠ አስቡ። ሦስተኛ፤ የፈረንጁ ቃል በጨለመባችሁ ጊዜ የናታችሁን ቋንቋ መብራት አብሩበት፤ «ለማን ነው? በማን ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ እንግሊዝኛው አያስተምራችሁም፤ እናቶቻችሁ ግን ከጡት ጋር አጥብተዋችኋል።

ብዙዎቻችን አማርኛን ወይም ሌላውን የአገራችንን ቋንቋ ከበር ላይ ጥለን የገባን ዕለት እንግሊዝኛን የምናውቅ ይመስለናል። እኔ ዛሬ ማታ ለማሳየት የሞከርሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። «አለኝ»ን የመረመረ ሰው «ሃቭ»ን ያገኘዋል፤ «ቀባ»ን የመረመረም እንዲሁ። የራሱን የማያውቅ ግን የሰውን ይዤአለሁ ቢልም፤ እንደ ጉንፋኑ ነው፤ ቃሉ ይይዘዋል እንጂ እርሱ ቃሉን አይዘውም።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የሌለውም ግዴታ የለበትም።